ማዕረግ ሹመት አይደለም

በአገራችን አንድ መኰንን ዕድገት ባገኘ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ «ሹመት ያዳብር!» ይለዋል። ምርቃቱ መልካም ነው፤ እኔም ለአጎቴ ልጅ ብያለሁ። ነገር ግን ቃሉን ልብ ብለን የሰማነው እንደሆነ አንድ ትልቅ ችግር በውስጡ ተሸሽጎ እናገኛለን። ሹመት ከጌታ ወደ ሎሌ የሚወርድ ስጦታ ነው። ሰጪው ደስ ሲለው ይሰጣል፣ ሲከፋው ይነሣል፤ ተቀባዩም የሚያመሰግነው ሰጪውን ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችንም የተወለደው ከዚሁ ቤት ነው። ማዕረግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወይም ሌላ ነገር መሆን ነበረበት። ይህ ሰው ሠላሳ ወይም ሦስት መቶ ወይም ሦስት ሺህ ነፍስ ይዞ ወደ እሳት ለመግባትና ይዞ ለመውጣት ይችላል ተብሎ የተመሰከረበት ወረቀት ነው።

«ይህ የመከላከያ ሚኒስቴር ጉዳይ ነው፤ ተማሪን ምን አገባው?» የሚል ጓደኛ እንዳለ አውቃለሁ። እንዲህ ለሚል ሰው መልሴ አንድ መንገድ ነው። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጉና ግርጌ አልፎ፣ በንፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወደ ደብረ ዘቢጥና ወደ ጋሸና የሚሄደውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከወደ ጋይንት የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት የምንመለስበት ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የሄዱት በዚሁ አቅጣጫ ነበር። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. የቤጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አንችም ላይ የወደቁት በዚሁ ወገን ነው። በ1982 ዓ.ም. የደርግ ጦርና ኢሕአዴግ በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ተዋጉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ንፋስ መውጫን ይዘው በቆዩባቸው ቀናት ሴቶች ተደፈሩ፣ ንብረት ተዘረፈ፤ በደብረ ታቦርም ከባድ መሣሪያ ወድቆ የአንድ ቤተሰብ ሰዎችን ገደለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ስለ ተነሣው ጦርነት ደግሞ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። መኰንን በተሳሳተ ቍጥር ሒሳቡን የሚከፍሉት እርሱ የሚያዛቸው ወታደሮችና በዚህ መንገድ ዳርና ዳር ገብስና ድንች የሚዘሩ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ያንን መኰንን ማን፣ በምን ሚዛን መዝኖ እንደ ላከው ብንጠይቅ ድፍረት ሊባል አይገባም።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም። ከቴዎድሮስ በፊት የነበረው ጦር የየመሳፍንቱ ጦር ነው። ወታደሩ ደመወዝ ስለሌለው ገበሬው ቤት እየገባ የገበሬውን እህል ይበላል፤ አለቃውም የሚሾመው በትውልዱ ወይም በጌታው ፊት ሞገስ በማግኘቱ ነው። የማዕረጎቹን ስሞች እስቲ እንመልከታቸው። ደጃዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ፊታውራሪ፤ ሁሉም የሚናገሩት ሰውየው ከጌታው አንጻር የት እንደሚቆም ነው፤ በደጁ፣ በቀኙ፣ በግራው፣ በፊቱ። ቴዎድሮስ ግን የየአውራጃውን ሰው ቀላቅለው ጦራቸውን በክፍል በክፍል ሲያዋቅሩ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ የሚል አሠራር አቆሙ። እነዚህ ስሞች ስለ ጌታው አንዳች አይናገሩም። የሚናገሩት ስለ ሰው ቍጥር ነው፤ ይህ ሰው ስንት ነፍስ ተሰጥቶታል? እንደ እኔ አስተያየት በአገራችን የጦር ታሪክ ከሴባስቶፖል ይልቅ ትልቁ ፈጠራ ይህ ነበር፤ ሆኖም ሕፃናት በትምህርት ቤት የሚሥሉት መድፉን ነው።

ቴዎድሮስ ስሙን ብቻ አላወጡም፤ ወታደሩ በዝርፊያ መኖሩን ትቶ በደመወዝ እንዲኖር አሰቡ። ለዚህ ገንዘብ ያስፈልግ ነበርና ወደ ቤተ ክርስቲያን መሬት ዘወር ቢሉ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። ደመወዙ ሲጠፋ ወታደሩ ወደ ለመደው ዝርፊያ ተመለሰ፤ የቤጌምድር ገበሬም በንጉሡ ላይ ሸፈተ። በደኅናው ዘመን ወደ 60,000 ይጠጋ ነበር የተባለው ጦር በ1858 ዓ.ም. ገደማ ወደ 10,000 ወረደ። እንግዲህ ለእኛ የቀረን ምንድን ነው? ስሞቹ ቀሩ። ዛሬም በሠራዊታችን ውስጥ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ እንላለን። ስሞቹን ሊደግፍ የታሰበው ሥርዓት ግን ከደብረ ታቦር ጋር አብሮ የተቃጠለ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ረጅም ዘመን በፍጥነት ልለፈው። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኰንኖች እርዳታ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ የሐረር አካዳሚ በሕንድ አስተማሪዎች ሥራ ጀመረ። በሐረር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱ ወጣቶች ሦስት ዓመት ይማራሉ፤ በሆለታ ብዙዎቹ ከተራ ወታደርነት ተነሥተው ባጠረ ጊዜ ይሠለጥናሉ። የክብር ዘበኛ ደግሞ ለብቻው ነው። ትምህርት ቤቶቹ መልካም ነበሩ። ነገር ግን የሐረሩ ልጅ የሆለታውን፣ የሆለታው የሐረሩን፣ ሁለቱም የክብር ዘበኛውን በጎን ያዩ ነበር፤ ምክንያቱም ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ በየትኛው በር በኩል እንደሆነ በግልጥ የሚናገር አልነበረም። ከፍተኛው ማዕረግ የሚወጣው ከቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ያደረጉት የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሆናቸው፣ ያከሸፈውም ጦር ብዙ ሳይቆይ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቆ ማግኘቱ ለሁሉም ትምህርት ሆነ። ታማኝነት ዋጋ እንዳለውና በዋጋው መከራከር እንደሚቻል ወታደሩ ያን ጊዜ ተማረ።

ነገሌ ቦረና ላይ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ይሁን እንጂ እደግመዋለሁ። በጥር 1966 ዓ.ም. የወታደሮቹ የውኃ መሳቢያ ተበላሸ። መኰንኖቹ የራሳቸው ጕድጓድ አላቸው፤ ወታደሮቹ ከዚያ እንዲቀዱ ቢለምኑ ተከለከሉ። ወታደሮቹም መኰንኖቻቸውን አሰሩ። ነገሩን እንዲያዩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዘው፣ ራሳቸው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ከአምስት ወር በኋላ ደርግ ሲቋቋም ከየክፍሉ የተመረጡት ሰዎች ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ያሉ ብቻ ነበሩ። ከሻለቃ በላይ ለምን አልተፈለገም? ኮሎኔሎቹና ጄኔራሎቹ ሁሉ ክፉ ስለ ነበሩ አይደለም፤ ከእነርሱ መካከል በኮሪያም በኦጋዴንም በደማቸው የተመሰከረላቸው ነበሩ። ነገር ግን ማዕረጉ ከቤተ መንግሥት የተሰጠ ስጦታ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ወታደሩ የሠራውንም ያልሠራውንም ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድነት ጠረጠረ። ማዕረግ እንደ ሹመት ሲሰጥ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው በሚገባው ሰው ላይ ነው፤ የሚገባው መሆኑን የሚያምንለት ያጣልና።

ደርግም ራሱ ስጦታውን በሌላ እጅ ያዘው እንጂ አልተወውም። ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳርና የደኅንነት ሰው ተቀመጠ፤ ዕድገት የሚፈልግ መኰንን ሦስት ጌታ ማስደሰት ነበረበት። በየካቲት 1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ፤ በሚቀጥለው ወር ዕዙ አፍአበት ላይ ተደመሰሰ። በግንቦት 1981 ዓ.ም. የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ፤ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ ራሳቸውን ገደሉ፤ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አሥመራ ላይ ተገደሉ። ዓመት ቆይቶ በግንቦት 1982 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። በዚያው ዓመት በጉና ብርድ ውስጥ የተዋጋው ወታደር ራሱ የተቈረጠ ጦር ነበር ማለት ነው። በየካቲት 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ጎንደርንና ጎጃምን የያዘበትን ዘመቻ «ዘመቻ ቴዎድሮስ» አለው።

ባለፈው ክረምት በላይ ጋይንት አንድ ሽማግሌ ቤት ቡና ጠጣሁ። ሰውየው በዚያ ዘመን ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ የእርሳቸውንም የክፍላቸውንም ስም አልጽፍም። «ጋሼ፣ ስንት ዓመት ሃምሳ አለቃ ሆነው ቆዩ?» አልኋቸው።

«አሥራ አንድ።»

«ምነው?»

ስኒያቸውን አስቀመጡና «እሱን እኔም ስጠይቅ ነው የኖርሁት፣ ልጄ» አሉኝ።

ስማቸው ለዕድገት ሦስት ጊዜ ተልኮ ሦስቱንም ጊዜ መልስ ሳይመጣ ቀርቷል። አንዱ ጓደኛቸው «ከኮሚሳሩ ጋር ስለ ተጣላህ ነው» አላቸው፤ ሌላው «ፋይልህ ጠፍቶ ነው» አላቸው፤ ሦስተኛው «ያገርህ ልጆች ከድተው ስለ ገቡ ነው» አላቸው። «ማዕረጉን ማጣቴ አይደለም የሚከነክነኝ» አሉ። «ለምን እንዳጣሁት ቢነግሩኝ ወይ ጥፋቴን አርም ነበር፣ ወይ አርፌ እቀመጥ ነበር። ዝም ሲሉኝ ጊዜ ግን ሁሉንም ጠረጠርሁ። ጓደኛዬንም ጠረጠርሁ። ከዚያ ወዲያ አዛዡ ‹ይህ ቦታ ይያዛል ወይ?› ሲለኝ ‹አዎን ጌታዬ› እላለሁ፤ እንደማይያዝ እያወቅሁ።»

እኔ ስለ ጦር ሠራዊት ማሻሻያ ካነበብሁትና ከሰማሁት ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ይህ «አዎን ጌታዬ» ነው። ዕድገቱ በማን ደስታ እንደሚመጣ የማያውቅ መኰንን ለሁሉም ደስ የሚያሰኘውን ይናገራል። ያ ንግግር በየደረጃው እየተጨመረበት ወደ ላይ ይወጣና፣ በጠቅላይ መምሪያው ካርታ ላይ የተያዘ ቦታ ሆኖ ይሠመራል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የቀድሞው ጦር ተበተነ። የሠለጠኑ መኰንኖች ከአጥፊዎቹ ጋር አብረው ወደ ቤታቸው ተሰደዱ፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ እንደ ገና ተጠሩ። አዲሱ ሠራዊት የወጣው ማዕረግ ከማያውቅ የሽምቅ ጦር ነው። ከዚያ ያመጣው አንድ ነገር አለ፣ ግምገማ የሚሉት። ብዙ ሰው ግምገማን ይስቅበታል፤ እኔ ግን በመሠረቱ አልንቀውም። ተራው ታጋይ ተነሥቶ አዛዡን «እዚያ ኮረብታ ላይ ሰው ያስጨረስኸው አንተ ነህ» የሚልበት ሸንጎ በነገሌ ቦረና ቢኖር ኖሮ ጄኔራል ድረሴን ማሰር ባላስፈለገ ነበር። ጉዳቱ ግምገማው ስለ ኮረብታው መናገሩን ትቶ ስለ አመለካከት መናገር በጀመረ ጊዜ ነው። አመለካከት ደግሞ የሚለካበት ክንድ የለውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 ሁለት ነገር ይላል፤ የሠራዊቱ አባላት የብሔር፣ ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ የያዙ ይሁኑ ይላል፤ ደግሞም ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ ይሥራ ይላል። ብዙ ዓመት የተከራከርነው በመጀመሪያው ነው፤ ከየትኛው ብሔር ስንት ጄኔራል አለ እያልን ስንቈጥር ኖርን። መቍጠሩ ምክንያት ነበረው፤ የላይኛው ማዕረግ በአንድ የትግል ድርጅት ሰዎች መያዙን ማንም የሚያየው ነበርና። ይሁን እንጂ በየሻይ ቤቱ ለሚቈጥሩት ጓደኞቼ ይህን እጠይቃለሁ። ስጦታው ለብዙ ወገን ቢታደል ስጦታነቱ ይቀራልን? ከእኛ መንደር የወጣ አንድ ጄኔራል ቢጨመርልን፣ የጋይንቱ ሃምሳ አለቃ ለምን እንደ ታለፈ የሚነግረው ሰው ይገኛልን?

በ2001 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተከሰው ማዕረጋቸውን ከተገፈፉት መኰንኖች መካከል በ2010 ዓ.ም. ተፈተው ማዕረጋቸው የተመለሰላቸው አሉ። ስሕተቱ መግፈፉ ነበር ወይስ መመለሱ? ሁለቱም በአንድ አገር ስም ተደርገዋል። በመስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ መሣሪያ የያዙ ወታደሮች የደመወዝና የጥቅም ጥያቄ አለን ብለው ወደ ቤተ መንግሥት ሄዱ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም አነጋግረው ፑሽ አፕ አሠሯቸው፣ አብረዋቸውም ሠሩ። ሥዕሉን በቴሌቪዥን አይተን ሳቅን። ወታደር ጥያቄውን ተሸክሞ ከክፍሉ እስከ ቤተ መንግሥት በር የሚደርሰው በመካከል ያሉት በሮች ሁሉ ተዘግተው ያገኛቸው እንደሆነ ነው ብለን ያን ቀን ብናስብ ኖሮ ግን ሳቁ ባነሰ ነበር።

ሌላው ዓለም በዚህ ከእኛ አስቀድሞ ጻድቅ ነበር ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ አምባ ላይ የወጣው የእንግሊዝ እግረኛ ጦር መኰንኖቹ ማዕረጋቸውን በገንዘብ የሚገዙበት ጦር ነበር። ለእግረኛ ጦር መጀመሪያው የመኰንንነት ማዕረግ በደንቡ 450 ፓውንድ፣ ሌተና ኮሎኔልነት 4,500 ፓውንድ ያወጣ ነበር። (ዋጋው ቢያንስ የታወቀ ነበር።) ይህ ግዢ በማይሠራባቸው በመሐንዲሶችና በመድፈኞች ክፍል ግን ሰው የሚያድገው በትምህርትና በአገልግሎት ነበር፤ ዘመቻውን የመሩት ናፒየርም መሐንዲስ ነበሩ። እንግሊዞች መቅደላን አሸንፈው ሲመለሱ «አሸንፈናልና ልማዳችን ደኅና ነው» አላሉም። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ የመኳንንቱ ምክር ቤት እየተቃወመ፣ በንግሥቲቱ ትእዛዝ ግዢውን ሻሩት። ፕረሻ ደግሞ በናፖሊዮን ከተሸነፈች ከሁለት ዓመት በኋላ መኰንንነትን ከመሳፍንት ልጆች ርስትነት አውጥታ ለትምህርትና ለጀግንነት ከፈተች። አንዱ ከድል በኋላ፣ አንዱ ከሽንፈት በኋላ። ለማሻሻል የሚመች ጊዜ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ሁለቱንም አያገኝም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። መስፈርት የለም አልልም፤ በአዋጅም በመመሪያም ተጽፎ ይገኛል። የምጠይቀው መስፈርቱ በታለፈው ሰው ላይ እንዴት እንደ ሠራ ለእርሱ ለራሱ እንዲነገረው ነው። ዕድገት የተከለከለ ማንኛውም መኰንንና ባለ ሌላ ማዕረግ ምክንያቱን በጽሑፍ ያግኝ፤ ወረቀቱም የጻፈው አለቃ ስምና ፊርማ ይኑርበት። ቢቃወም አቤቱታውን የሚሰማው ያንኑ ፊርማ ያኖረው አለቃ ወይም የእርሱ አለቃ አይሁን፤ ከዕዙ ሰንሰለት ውጭ ያሉ ሰዎች የሚበዙበት ጉባኤ ይሁን። የጄኔራሎቹን ነገር በተመለከተ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 71 ከፍተኛ ወታደራዊ ማዕረጎችን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ፕሬዚዳንቱ ይሰጣል ይላል። ሁለት ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ እንኳ ጄኔራል የሚሾመው ሴኔቱ ተስማምቶ ነው። የእኛም ምክር ቤት፣ በዝግ ስብሰባም ቢሆን፣ የተጠቆመው ሰው የት ተዋግቶ ምን እንዳደረገ ተነቦለት ድምፅ ቢሰጥ ምን ይጎዳል?

«ሚስጥር ይወጣል» ይሉኛል። የሃምሳ አለቃው ፋይል ለራሱ ለሃምሳ አለቃው ቢገለጥ የሚወጣው የማን ሚስጥር ነው? «ዲሲፕሊን ይላላል፤ ወታደር አለቃውን ምክንያት መጠየቅ የለበትም» ይሉኛል። ይህ ሊናቅ የማይገባ ነገር ነው፤ ተኩስ ላይ ምክንያት አይጠየቅም፣ ሊጠየቅም አይገባም። እኔ የምለው ስለ ተኩስ አይደለም፤ በጠረጴዛ ላይ ስለሚጻፍ ወረቀት ነው። እኛ ተማሪዎች «ኤፍ» ስናገኝ የፈተና ወረቀታችን እንደ ገና እንዲታይልን እናመለክታለን፤ መምህሩ ተዋረደ የሚል የለም። በአንድ ኮርስ የምንሞግተውን ያህል በሰው ነፍስ የሚጫወት ማዕረግ አይሞገትምን? «አሁን ጦርነት ላይ ነን፣ ጊዜው አይደለም» የሚሉት ደግሞ በ1966 ዓ.ም.ም፣ በ1980 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይባል እንደ ነበር ያስታውሱ።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ፤ የተጻፈ ምክንያትም ሊዋሽ ይችላል። አለቃው «አመራር ይጎድለዋል» ብሎ ጽፎ ሊገላገል ይችላል። ይሁን። የተጻፈ ውሸት ፊርማ አለው፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ቢሆን ተገልጦ የጻፈውን ሰው ሊያስጠይቀው ይችላል። የጋይንቱን ሽማግሌ ያለፏቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ ዛሬ እርሳቸው ራሳቸው አያውቁም።

የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቼ አዋጅ ቁጥር 1100/2011ን አንብበው የተሳሳትሁበት ቢያገኙ በሚቀጥለው እትም ይጻፉብኝ፤ እኔም በደስታ እመልሳለሁ። ወታደር ወንድም ወይም አባት ያላችሁ ደግሞ ለዕረፍት ስትሄዱ ጠይቋቸው፤ ታልፈው ያውቁ እንደሆነ፣ ምክንያቱስ ተነግሯቸው እንደሆነ። ስም ሳትጽፉ መልሱን ብቻ አምጡልኝ። ለሽማግሌውም ይህ ጽሑፍ ተባዝቶ እንደ ወጣ አንድ ቅጂ እወስድላቸዋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።